ቀድሞ የሚሸጠው ጠቦት

ገና፣ ጥምቀት ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ወደ ደባርቅና ዳባት ገበያ የሚነዱትን በጎች ቆም ብሎ ያስተዋለ ሰው ዓይኑ ይጠግባል። ጀርባቸው የሞላ፣ ላታቸው የከበደ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ከእኩዮቻቸው ልቀው ያደጉ ጠቦቶች ናቸው። ገዢ የሚመርጣቸው፣ ነጋዴም ገበያ ሳይደርሱ በመንገድ ላይ የሚሻማባቸው እነዚሁ ናቸው። ሻጩ አርሶ አደር ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በጋጣው የሚጠብቀው ሌላ በግ ነው። ገበያ ያልፈለገው፣ የቀጨጨው፣ ለሚቀጥለው በዓል ይድረስ ተብሎ የቀረው። በቀጣዮቹ ወራት እናት በጎቹን የሚያጠቃው፣ የመጪዎቹ ግልገሎች አባት የሚሆነውም እሱው ነው።

በገብስ ዘር ላይ ማንም እንዲህ አያደርግም። የደጋው አርሶ አደር ከአውድማው ምርጡን ለዘር ይለያል፤ ክረምቱ ቢከብድ፣ ጎተራው ቢጎድል እንኳ ዘሩን ላለመንካት ይታገላል። በበጉ ላይ ግን ዘሩን ሸጦ ግርዱን ይዘራል።

ይህን የሚያደርገው ባለማወቅ ነው ማለት ስህተት ነው። የመሸሃን ወንዝ ተሻግሮ በራስ ደጀን ግርጌ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አምቢኮ ወይም በሌሎቹ የሰሜን ተራራ ሥር መንደሮች ለሚኖር ቤተሰብ በግ የባንክ ደብተሩ ነው። ሰኔ ላይ የማዳበሪያ ክፍያ ይመጣል፤ መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ልብስ፤ በመካከሉ ሕመም፣ ለቅሶ፣ ሠርግ አለ። ገብሱን ውርጭ ወይም በረዶ ሲመታው ደግሞ ዓመቱን የሚያሻግረው በጉ ብቻ ነው። በዚህ ችግር ላይ ያለ ሰው ከሁለት ጠቦቶች አንዱን ይሽጥ ሲባል ቶሎ ያደገውን ይሸጣል፤ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣለት እሱ ነውና። ለአንድ ቤት በአንድ ቀን ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሁሉም ቤት፣ በየዓመቱ፣ ለብዙ ዓመታት ያንኑ ሲያደርግ ነው።

ራሱን የቻለ ዝርያ

የአካባቢው በግ እንዲሁ «የሀበሻ በግ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ተመራማሪው ዶክተር ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የሦስተኛ ዲግሪ ጥናት በአገሪቱ በልማድ የሚታወቁ 14 የበግ ዓይነቶችን በመልክና በዘረመል መርምረው በዘጠኝ ዝርያዎች መድበዋቸዋል። የመንዝ፣ የወሎ፣ የሰቆጣ፣ የፋርጣና ጥቁር በግ የሚባለው በአንድ ዝርያ ሥር ሲጠቃለሉ የሰሜን በግ ግን ራሱን ችሎ ለብቻው ተመድቧል። ዋሸራ፣ ቦንጋ፣ ሆሮ፣ አፋር እንደሚባለው ሁሉ ሰሜንም የአንድ ዝርያ ስም ነው ማለት ነው። ላቱ አጭር፣ ጸጉሩ ብርድ የሚመክት፣ በአካሉ ደግሞ ከደጋው ጸጉራም በጎች ገዘፍ ያለ ነው።

ዋሸራን ምዕራብ ጎጃም ቢያጣው ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል። የሰሜን በግ ግን መገኛው ጠባብ ነው። በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራና በአጎራባቾቻቸው ደጋማ ቀበሌዎች አርሶ አደሩ ጋጣ ውስጥ ያለው ነው ያለው። እዚያ ካነሰና ከተበላሸ የሚተካበት ቦታ የለም።

አውራው የመንጋው እኩሌታ ነው

አንድ እናት በግ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ በደህና አያያዝ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። አንድ ጎልማሳ አውራ ግን በአንድ የማስጠቂያ ወቅት ከ25 እስከ 30 እናት በጎችን ያዳርሳል። እያንዳንዱ ግልገል ባሕርይውን እኩል በእኩል ከአባትና ከእናት ስለሚወርስ አንድ ቀጫጫ አውራ የሚያደርሰውን ጉዳት አንዲት ቀጫጫ እናት ልታደርስ አትችልም። የዝርያ ማሻሻል ሥራ ሁሉ ከአውራው የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ችግር የዘመድ ለዘመድ ርቢ ነው። አንድ አውራ በአንድ መንጋ ውስጥ ከዓመት በላይ ሲቆይ የራሱ ሴት ልጆች ለማስጠቃት ይደርሳሉ። ከዚያ የሚወለዱት ክብደታቸው ያነሰ፣ ብርድና በሽታ ቶሎ የሚጥላቸው ይሆናሉ፤ መካንነትም ይበዛል። አርሶ አደሩ ይህን በልማድ ያውቀዋል። አውራ የሚዋዋሱ፣ የሚለዋወጡ ጎረቤታሞች ጥንትም ነበሩ። ችግሩ መንጋው አነስተኛ፣ የግጦሹ መሬትም የጋራ መሆኑ ነው። ስምንት በግ ያለው ቤት ለብቻው ጥሩ አውራ ቢያስቀምጥ እንኳ በጎቹ ከመንደሩ በጎች ጋር ተቀላቅለው ሲውሉ ቀድሞ የሚደርሰው የጎረቤት ሰባራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር አንድ አርሶ አደር ብቻውን ሞዴል ሊሆን አይችልም። ወይ መንደሩ አብሮ ይሠራዋል፣ ወይ አይሠራም።

መንዝ ላይ የተሞከረው

በክልላችን ለዚህ የሚጠቀስ ሥራ አለ፤ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኢካርዳና ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በቪየና ከሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና ከአገራችን የግብርና ምርምር ተቋማት ጋር በመሆን በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ በጎች ላይ ኅብረተሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀመሩ። በመንዝ ሥራውን የያዘው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ሌላ ነው። አገሪቱ ለአሥርት ዓመታት የውጭ አውራ በጎችን አስገብታ ከአገር ውስጡ ጋር ለማዳቀል ደክማለች። ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየር፣ በኋላም ከእስራኤል የመጣው አዋሲ፣ ቀጥሎ ዶርፐር። አዋሲ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል መኖ ባለበት ቶሎ ያድጋል። ይሁንና የማባዣ ማዕከላት የሚያደርሱት የአውራ ቁጥር ከአርሶ አደሩ ፍላጎት ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። ሜዲ ቪስና የተባለ የቫይረስ በሽታ በማዕከላቱ በመገኘቱም ሥርጭቱ ተቋርጦ ነበር። የውጭ ደም ጨርሶ አይጠቅምም ለማለት አይደለም። መኖና ውሃ ደጁ ላለው የከተማ ዳር አድላቢ ሊጠቅም ይችላል። በገብስ ገለባና በተራራ ሣር ለሚኖር መንጋ ግን በመጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባው እዚያው ያለው በግ ነው።

የመንዙ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። የመንደሩ አርሶ አደሮች በማኅበር ይደራጃሉ። ግልገል ሲወለድ የጆሮ ምልክት ይደረግለታል፤ እናቱ፣ የተወለደበት ቀንና ክብደቱ ይመዘገባል። በሦስት ወሩ ጡት ሲጥልና በስድስት ወሩ ዳግም ይመዘናል። ከዚያ በመምረጫው ቀን ጠቦቶቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ተመራማሪዎች ከመዝገቡ ያሰሉትን ደረጃ ያቀርባሉ። በአርሶ አደሮች የተመረጡ ሽማግሌዎች ደግሞ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ ላቱን፣ አቋሙን አይተው ይፈርዳሉ። ጥቁር በግ በገበያ እንደማይፈለግ ሚዛኑ አይናገርም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያውቁታል። የተመረጠው ጠቦት ባለቤት በተዘዋዋሪ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ አውራውም ለተቧደኑ ቤተሰቦች ይሰጣል። አገልግሎቱን ሲጨርስ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል ወይም ደልቦ ይሸጥና ገንዘቡ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ለሥጋ ይሸጣሉ።

ውጤቱን አጋንኖ ማቅረብ አይገባም። በኋላ የወጡ የምርምር ጽሑፎች እንደሚያሳዩት የመንዝ በግ የስድስት ወር ክብደት በየዓመቱ የጨመረው በአማካይ 100 ግራም ገደማ ነው። በቦንጋና በሆሮ ጭማሪው 200 ግራም አካባቢ ነበር። መቶ ግራም ቢባል የሚስቅ ይኖራል። ነገር ግን ጭማሪው በደም የሚወረስ ነው፤ በየዓመቱ እንደገና አይገዛም፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅም ከመንጋው አይወጣም። የሚገኘውም በአንድ በግ ላይ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ በጎች ሁሉ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ቁልቁል ይሄድ የነበረው ነገር አቅጣጫውን ቀይሯል።

በእኛ ቀበሌ ቢሆንስ?

እንበልና በአንድ መንደር 30 አባወራና እማወራ አሉ፤ እያንዳንዳቸው 8 እናት በጎች አሏቸው፤ በድምሩ 240። በአንድ አውራ ከ25 እስከ 30 ብንመድብ መንደሩ የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 10 አውራ ነው። እናቶቹ በዓመት አንዳንድ ወልደው፣ የሞተው ተቀንሶ 160 ግልገሎች ስድስት ወር ቢደርሱ ግማሾቹ፣ 80 ያህሉ ወንድ ናቸው። ከ80 ጠቦቶች 10 ምርጦቹ ቢቀሩ 70ዎቹ እንደ ልማዱ ለበዓል ገበያ ይወጣሉ። የማዳበሪያው ብር፣ የልጆቹ ደብተር አይቀርም። መንደሩ እንዲታገሥ የሚጠየቀው በ10 በግ ብቻ ነው።

ጥያቄው የእነዚያ 10 ጠቦቶች ባለቤቶች ምን ይሆናሉ የሚለው ነው። የምርጥ ጠቦት ባለቤት የሆነ ድሃ ሰው ለመንደሩ ሲባል ከገበያ ይቅር ከተባለ ደብቆ ይሸጠዋል፤ እኔም ብሆን እሸጠዋለሁ። ስለዚህ ተዘዋዋሪው ገንዘብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በማኅበሩ ሣጥን መገኘት አለበት፤ ክፍያውም በዕለቱ የገበያ ዋጋ፣ በእጅ በእጅ መሆን አለበት። ለ10 ጠቦት መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለወረዳ ከባድ ወጪ አይደለም፤ ከአንድ የአዳራሽ ሥልጠና አበል ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ገንዘቡ በአብዛኛው ይመለሳልም። ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ያገለገለ አውራ ደልቦ ሲሸጥ በጠቦትነቱ ከተገዛበት የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ቀሪዎቹ 70 ጠቦቶች ገበያ እስኪወጡ እናቶቹን እንዳያጠቁ ማድረግ ደግሞ ሌላው ግማሽ ሥራ ነው። ወንድ ጠቦት ስድስትና ሰባት ወር ሲሞላው ማጥቃት ይጀምራል። በአካባቢው ልማድ ግን በግ የሚኮላሸው ካደገ በኋላ ለሙክትነት ሲታሰብ ነው፤ እስከዚያ ልጆቹን አፍርቷል። የማይመረጠው ጠቦት ከአምስት ወሩ በፊት በቡርዲዞ ቢኮላሽ በድንጋይና በእንጨት ከመቀጥቀጥ ያነሰ ሥቃይ አለው፤ ቁስልም አይተውም። ቡርዲዞ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት መጋዘን ወጥቶ በቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እጅ መግባት ያለበት ታዲያ በጠቦቶቹ ዕድሜ እንጂ በዕቅድ ክንውን ሪፖርት ማቅረቢያ ወቅት አይደለም።

መቼ ይወለድ?

የእርግዝናው ጊዜ 150 ቀን፣ አምስት ወር ነው። እናት በግ ካልጸነሰች በየ17 ቀኑ ገደማ አውራ ትፈልጋለች። በዚህ ስሌት አውራው ለ35 ቀን ያህል ከእናቶቹ ጋር ቢቆይ አብዛኞቹ ሁለት ዕድል ያገኛሉ፤ ግልገሎቹም ተቀራርበው ይወለዳሉ። ተቀራርበው ሲወለዱ ማነጻጸሩም ፍትሐዊ ይሆናል። የጥቅምት ግልገልና የመጋቢት ግልገል ጎን ለጎን ቆመው የትኛው በለጠ ቢባል ፍርዱ የወቅቱ እንጂ የደሙ አይደለም።

በደጋው ከሁሉ የከፋው የሐምሌና የነሐሴ ልደት ነው። ጋጣው ጭቃ፣ ሰማዩ ዝናብ፣ ግልገሉ እርጥብ ሆኖ የሳንባ ምች ይወስደዋል። ይህን ለማስቀረት በየካቲትና በመጋቢት አውራን ከእናት መለየት ነው፤ ወይም በአንዳንድ አርብቶ አደር አካባቢዎች እንደሚደረገው ከሆዱ ሥር ሽርጥ ማሰር። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ የሚወለደው ግልገል ግን ሣሩ ባልደረቀበት፣ ቃርሚያው በሚደርስበት ጊዜ የእናቱን ወተት ጠግቦ ይጠባል፤ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመትም ስድስት ወር ሞልቶት ለገበያ ይደርሳል። ለዚህ እናቶቹ መጠቃት ያለባቸው ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ግንቦት የበጋው ማብቂያ ስለሆነ እናቶቹ የከሱበት ወቅት ነው፤ የከሳች በግ ደግሞ ቶሎ አትጸንስም። መፍትሔው ውድ መኖ መግዛት ላይሆን ይችላል። ከማስጠቃት በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት የተቆጠበ ድርቆሽ፣ የባቄላና የአተር ገለባ፣ የጠላ አተላ፣ ከተገኘም ጥቂት ፉርሽካ ማታ ማታ መስጠት ለውጥ ያመጣል። ከመውለዷ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታትም እንዲሁ ናቸው፤ ግልገሉ በማሕፀን ውስጥ ክብደቱን የሚይዘው በዚያ ጊዜ ነው። በእርግጥ በአምቢኮ ከፍታ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ደረቅ ጉዝጓዝና ነፋስ የማያስገባ ጋጣ ከሌለ ወቅት መምረጡ ብቻውን ግልገል አያድንም።

መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ እናቶቹ ክረምቱን ግጠው በወፈሩበት ጊዜ ማስጠቃት ይቀላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ይቀላል። ልደቱ ግን የካቲትና መጋቢት ላይ ይወድቃል። ሣር የለም፤ ወተት የለም።

አውራ ሲዛወር በሽታም አብሮ ይዛወራል። ከሌላ መንደር የመጣ አውራ ከመንጋው ሳይቀላቀል ለሦስት ሳምንት ተለይቶ መቆየት፣ የደስታ መሰልና የበግ ፈንጣጣ ክትባቱንም መውሰድ አለበት። በደጋው የሚታወቀው አዙሪት ግን ከውሻ ነው የሚመጣው። የታረደ ወይም የሞተ በግ ጭንቅላት ለውሻ ሲጣል የኮሶ ትሉ በውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በግጦሹ ላይ ይበተንና ተመልሶ የበጉ አንጎል ውስጥ ይገባል። ምርጥ የተባለውን አውራ በዚህ ማጣት ያሳዝናል። ጭንቅላቱን መቅበር ወይም ማቃጠል አንዱ መከላከያ ነው።

ግጦሹና መተኪያው

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ በ2009 ዓ.ም ከዚያ መዝገብ መውጣቱ ይታወሳል። ካስወቀሱት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚሠማራው ከብትና በግ ብዛት ነበር። የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የግጦሽ መሬቱ ከእንግዲህ አይሰፋም። በዚህ ሁኔታ ለአርሶ አደሩ «በግ ቀንስ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ እሱ ግን ሃያ ቀጫጫ በግ ከሚያወጣው ገቢ በላይ አሥራ ሁለቱ ካላስገኙለት ለምን ይቀንሳል?

በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ የገጠር ቀበሌዎች በደረሰበት ወቅት ከብቱና በጉ የታረደበት፣ የተዘረፈበት ቤት ጥቂት አይደለም። ቀጥሎም በ2015 እና 2016 ዓ.ም የጃናሞራ፣ የበየዳና የጠለምት አካባቢዎች በድርቅ ተመተዋል። ለእነዚህ ቤተሰቦች መተኪያ በግ መስጠት ተገቢ ነው። ሲገዛ ግን ከየት እንደሚገዛ ማሰብ ያስፈልጋል። ከቆላ ገበያ በርካሽ ተጭኖ የመጣ ጸጉረ ቀጭን በግ የደጋውን ውርጭ አይችልም፤ ከተረፈም የሰሜኑን ዝርያ ይከልሳል። ከዚያው ከደጋው፣ ከጎረቤት ወረዳ የተገዛች እናት በግ ዋጋዋ ትንሽ ቢወደድ ይሻላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በየወረዳው ሲነሳ ዶሮና ወተት፣ ማርና ዓሣ ይቀድማሉ። ለደጋው ቀበሌ ግን ሌማቱ የሚሞላው ከበጉ ነው።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀረው ከባዱ ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ደብተሩ ይመስለኛል። በሌሎች አካባቢዎች የተጀመሩ ሥራዎች የተዳከሙት ብዙውን ጊዜ መዝጋቢው ሲጠፋ ነው። ፕሮጀክቱ ይከፍለው የነበረው መዝጋቢ ክፍያው ሲቋረጥ ይሄዳል፤ ከዚያ ግልገል ይወለዳል፣ ማንም አይመዝነውም፤ በመምረጫው ቀንም ሽማግሌዎቹ በዓይን ብቻ ይፈርዳሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሊይዘው ይችላል፤ ግን እሱም በክረምት የማዳበሪያ ሥርጭት፣ በበጋ የተፋሰስ ሥራ ይወጠራል። ደብተሩ በማኅበሩ ጸሐፊ፣ ማንበብና መጻፍ በሚችል የመንደሩ ልጅ እጅ ቢሆን ሠራተኛው በወር አንዴ እየመጣ ቢያየው ይበቃል። የሚያስፈልገው አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ የጆሮ ምልክትና ያ ደብተር ነው።

የጆሮ ምልክቱ እስኪደርስ ደግሞ መጠበቅ አያስፈልግም። እዚህ አገር በግ በስሙ፣ በቀለሙና በእናቱ ይታወቃል። መንጋውን የሚያግደውን ልጅ ያ ጠቦት የማን ልጅ ነው ቢሉት የየትኛዋ እናት እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተወለደ፣ መንትያው በምን እንደሞተ ሳያስብ ይናገራል። የመጀመሪያው ገጽ እሱ እየነገረ ሊጻፍ ይችላል።